በባሕር ዳር ሆኖ የሕዋ ቴክኖሎጂ ምርምር ማካሄድ፦ ለአነስተኛ ድርጅቶች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

በባሕር ዳር አነስተኛ የቴክኖሎጂ ድርጅት የከፈቱ ወጣቶች ስለ ሕዋ ምርምር ሲወያዩ ጨዋታው ብዙ ጊዜ ሮኬት መሥራትና ሳተላይት ማምጠቅ ላይ ይወድቃል። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የምድር ምልከታ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ማምጠቂያ ስታስወነጭፍ፣ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ለሚመዝነው ለዚያ ዕቃ የሁለት መንግሥታት ገንዘብና ባለሙያ አስፈልጎ ነበር። ሦስት ሠራተኛና አንድ ክፍል ቢሮ ያለው ድርጅት በዚያ መንገድ ሊሄድ አይችልም። የሚችለው ሌላ ሥራ ግን አለ፤ ይህ መመሪያም ሥራውን ከጥያቄ አመራረጥ እስከ ደንበኛ ፍለጋ ድረስ በቅደም ተከተል ያሳያል። በምሳሌነት የወሰድሁት እኛ ሦስት ባልደረቦች ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ሰገነት ላይ የሠራነውን ነው፤ ከሠራነው ይልቅ የተሳሳትነው ለአንባቢ ይበልጥ ስለሚጠቅም እሱንም አልደበቅሁም።

ደረጃ 1፦ ቦታው ራሱ የሚሰጥዎትን ጥያቄ ይምረጡ

የሕዋ ቴክኖሎጂ ከሚባለው ሰፊ መስክ ውስጥ ጥቂት ሰዎች በስድስት ወር ሊመልሱት የሚችሉትን አንድ ጥያቄ ነጥሎ ማውጣት ከሁሉም የከበደ ሥራ ነው። እኛ ሁለት መመዘኛ ነበረን፤ አንደኛ፣ ባሕር ዳር መኖራችን ለጥያቄው ጥቅም ሊሰጠን ይገባል፤ ሁለተኛ፣ መሣሪያው ከአንድ ጥሩ ላፕቶፕ ዋጋ መብለጥ የለበትም።

በመጀመሪያ ያሰብነው በሐይቁ ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭ በሳተላይት ምስል መከታተል ነበር። ሴንቲኔል-2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በ10 ሜትር የምስል ጥራት በየ5 ቀኑ የሚያነሡትን ምስል ማንም ሰው በነፃ ሊያወርድ ይችላል፤ ክረምት ላይ ደመናው ሲጋርድም ደመና የሚያልፈው የሴንቲኔል-1 ራዳር አለ። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው፤ ሆኖም ብዙ ተመራማሪዎች ገብተውበታል፣ ምስሉም ባሕር ዳርም ሆነ በርሊን ለተቀመጠ ሰው እኩል ስለሚደርስ የመጀመሪያውን መመዘኛ አላለፈም። ቀጥሎ ያሰብነው 30 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚወጣ ፊኛ የአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚለቀቅ በመሆኑ ከሲቪል አቪዬሽን ፈቃድ ውጭ የማይታሰብ ነው፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

የተረፈው ከራሳችን ላይ ያለው ሰማይ ነበር። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ የሚተኛበት መስመር፣ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ሲሆን፣ ባሕር ዳርም ለእሱ በጣም ቅርብ ናት። በዚህ መስመር አካባቢ አዮኖስፌር፣ ማለትም ፀሐይ ኤሌክትሮኖችን ከአቶሞች እየነጠለች የምትፈጥረው የከፍታ ንብርብር፣ ከሌላው ዓለም የተለየ ጠባይ አለው። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ክፍል ቶሎ ይከስማል፤ የላይኛው ደግሞ ወደ ላይ ተገፍቶ ይሰቀላል፤ በዚህ ጊዜ ቀላሉ ከከባዱ ሥር ስለሚቀር፣ ምድጃ ላይ እንደሚንተከተክ ሽሮ፣ ኤሌክትሮን የሳሳባቸው አረፋዎች ከሥር ቡልቅ እያሉ ይወጣሉ። የጂፒኤስ ምልክት በእነዚህ አረፋዎች ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ይቋረጣል። ክስተቱ የሚበረታው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው ወራት፣ ማለትም በመስከረምና በጥቅምት እንዲሁም በመጋቢትና በሚያዝያ፣ በተለይም ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ነው። አሜሪካና ቻይና ያሉ መሐንዲሶች ይህን ሰማይ ለማጥናት ወደ ወገቡ መምጣት አለባቸው፤ እኛ ግን ሰገነት መውጣት ይበቃናል።

ጉዳዩ ከምድር ሥራ ያለፈ ፋይዳ አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 ጨረቃ ላይ ያረፈችው የብሉ ጎስት መንኮራኩር የጂፒኤስንና የአውሮፓ አቻውን የጋሊሊዮን ምልክት ከጨረቃ ገጽ ተቀብላ ያለችበትን ቦታ አስልታለች፤ ከእንግዲህ የሕዋ አሰሳም ቢሆን በእነዚህ ደካማ ምልክቶች ላይ መደገፉ አይቀርም።

ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፤ በሁለት ካልሆነ አልጻፍም ካለዎት ገና አልጠበበም ማለት ነው። የእኛ የመጀመሪያው ጥያቄ፣ «በባሕር ዳር ሰማይ የሚፈጠረውን የምሽት መንቀጥቀጥ በርካሽ የጂፒኤስ ሪሲቨር መዝግቦ ለመሬት ቀያሾች ማስጠንቀቂያ መስጠት ይቻላል ወይ?» የሚል ነበር። ከጥያቄው ውስጥ አንዱ ቃል ስሕተት መሆኑን ያወቅነው ከወራት በኋላ ነው፤ በደረጃ 6 እመለስበታለሁ።

ደረጃ 2፦ የሌሎችን ችግርና ሥራ በነፃ ያንብቡ

የአሜሪካው ናሳ ለአነስተኛ ንግዶች ምርምር ገንዘብ የሚሰጥበት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ሲሆን፣ ለማመልከት ድርጅቱ ከግማሽ በላይ በአሜሪካ ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች የተያዘና ሠራተኞቹ ከ500 ያልበለጡ መሆን አለባቸው። ስለዚህ የባሕር ዳር ድርጅት ማመልከት አይችልም፤ «እናመለክትላችኋለን» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ቢያጋጥምዎ በሩን ያሳዩት። ነገር ግን ናሳ በየጊዜው ለአመልካቾች የሚያወጣው የርእስ ዝርዝር ለሁሉም ክፍት ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ከትልቅ ድርጅት ያልተፈቱ ችግሮች አንድ በአንድ፣ ምን እንደተሞከረና ምን እንደጎደለ ጭምር፣ ተጽፈው ይገኛሉ። እንዲህ ያለ የችግር ካርታ በገንዘብ አይገኝም ነበር።

ከዚያው ፕሮግራም ሁለት ነገር እንዲወስዱ እመክራለሁ። አንዱ የምዕራፍ አከፋፈሉ ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ 6 ወር ገደማ ፈጅቶ ሐሳቡ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ብቻ ይመልሳል፤ ናሙና መሥራት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ባለው የሁለት ዓመት ምዕራፍ ነው። ሌላው ከ1 እስከ 9 ያለው የቴክኖሎጂ ዝግጁነት ደረጃ ነው፤ 1 መሠረታዊ መርሑ የታወቀበት፣ 9 ደግሞ በእውነተኛ ተልእኮ ላይ የሠራ ማለት ነው። ድርጅትዎ የት ላይ እንዳለ ሳያጋንኑ ይጻፉ። እኛ ከ3 ጀምረን 5 ለመድረስ አቀድን፤ ግድግዳችን ላይ በለጠፍነው ወረቀትም ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል።

ስለ ፓተንት አንድ ቃል ልጨምር። ፓተንት የሚጸናው በተመዘገበበት አገር ውስጥ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተመዘገበን ወይም ዘመኑ ያለፈበትን የፈጠራ ሥራ እዚሁ መጠቀም ይቻላል፤ ምርቱን ወደ ሌላ አገር ሲልኩ ግን የዚያን አገር መዝገብ ማየት ግድ ነው።

በመጨረሻም ከቤትዎ አጠገብ ያለውን አይዝለሉ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዋሸራ የጂኦስፔስና ራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ አለው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው ኤዲስ የተባለው የጂፒኤስ ጣቢያ መረጃም ለተመራማሪ ክፍት ነው። የራስዎን መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት የኤዲስን የአንድ ወር መረጃ አውርደው ስሌቱን ይለማመዱ፤ እኛ ይህን ብናደርግ ኖሮ ሁለት ወር እናተርፍ ነበር።

ደረጃ 3፦ ፈቃዶችን አስቀድመው ይጨርሱ

የንግድ ፈቃድዎ የምርምርና የማማከር ዘርፍን መያዙን ያረጋግጡ። ምልክት መቀበል ብቻና ማሠራጨት የተለያዩ ናቸው፤ መረጃውን በሬዲዮ ከቦታ ወደ ቦታ ለመላክ ካሰቡ የድግግሞሽ ፈቃድ ጉዳይ ስለሚመጣ አስቀድመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ። ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የደኅንነትና የአቪዬሽን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ ላይ መሣሪያው ለምን እንደሚውል በግልጽ አማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ አባሪ ያድርጉ።

ደረጃ 4፦ መሣሪያውን ይትከሉ

የሚያስፈልገው በሁለት ድግግሞሽ የሚቀበል ሪሲቨር ነው። ጂፒኤስ ከሚልካቸው ምልክቶች አንዱ በ1575.42 ሜጋኸርዝ፣ ሌላው በ1227.60 ሜጋኸርዝ ይመጣል፤ አዮኖስፌር ዝቅተኛውን ድግግሞሽ ይበልጥ ስለሚያዘገየው፣ ከሁለቱ ልዩነት በመካከል ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት ማስላት ይቻላል። አንድ አሐድ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 10 ሺህ ትሪሊዮን ኤሌክትሮን፣ በመጀመሪያው ድግግሞሽ ላይ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ስሕተት ያመጣል። ቀትር ላይ ብዛቱ 80 አሐድ ቢደርስ ስሕተቱ 13 ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። እኛ የተጠቀምነው ዩ-ብሎክስ ዜድ-ኤፍ9ፒ የተባለውን ሰሌዳ፣ ሁለት ድግግሞሽ የሚይዝ አንቴናና ራስፕቤሪ ፓይ የተባለችውን ትንሽ ኮምፒውተር ነው።

ለአንቴናው የሚመረጠው ቦታ ከሪሲቨሩ ጥራት ይበልጣል ብል አላጋነንሁም። ቆርቆሮ ጣሪያ መስተዋት ነው፤ ምልክቱ በቀጥታ ከሳተላይቱ ከሚመጣው በተጨማሪ ከቆርቆሮው ነጥሮ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ የኮንክሪት ሰገነት ይፈልጉ፤ የውኃ ታንከርና የሳተላይት ዲሽ ካለበት ጥግ ይራቁ፤ የብረት ቱቦውን በሲሚንቶ ያቁሙና ከአንቴናው ሥር ክብ የብረት ሳህን ያስገቡ። በክረምት የጣና አካባቢ ነጐድጓድ ብርቱ ስለሆነ ቱቦው በወፍራም ሽቦ ከመሬት ጋር መታሰር አለበት። ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበር፤ አሞራ ከሐይቁ ሲመለስ አንቴናው ላይ እያረፈ ጠዋት ጠዋት ምልክት ያዳክምብን ስለነበር፣ በመጨረሻ ከፕላስቲክ ጀሪካን አናት ቆርጠን የሾለ ክዳን አለበስነው።

መብራት ይጠፋል። ኮምፒውተሯና ሪሲቨሩ አብረው 5 ዋት ገደማ ቢጠቀሙ፣ 12 ቮልት 50 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሽ አቅሙ ብቻ ጥቅም ላይ ቢውል እንኳ 60 ሰዓት ያቆያል። በሰከንድ አንድ ጊዜ 50 ያህል ምልክት ቢመዘገብ በቀን ወደ 140 ሜጋባይት ይሞላል፤ ይህን ሁሉ በሞባይል ዳታ መላክ ወጪ ስለሆነ፣ በየ30 ሰከንዱ የተሳሳውን ቅጂ ብቻ ልከው ሙሉውን በሚሞሪ ካርድ ያስቀምጡ።

ደረጃ 5፦ በአንድ ሰዓት ብቻ ይጻፉ

ይህ ደረጃ ትንሽ ይመስላል። ሪሲቨሩ የሚመዘግበው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው፤ የኮምፒውተሯ ሰዓት በአዲስ አበባ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ይቀድማል፤ ባልደረባዬ ደግሞ በደብተሩ ላይ የሚጽፈው እንደማንኛችንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር። «2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ» ብሎ የጻፈው ምሽት በሪሲቨሩ መዝገብ 17፡00 ሲሆን፣ እኛ ግን 02፡00 ላይ ስንፈልግ የመብራት መቋረጡን ለሰማይ ክስተት ቆጠርነው። አሁን ደብተሩ ላይ ሦስቱም ሰዓቶች በሦስት ዓምድ ይጻፋሉ፤ ቀኑም እንዲሁ በሁለቱም አቆጣጠር።

ደረጃ 6፦ አስሉ፤ ከዚያም ውጤታችሁን ለማፍረስ ሞክሩ

ለጀማሪ የምመክረው መለኪያ የኤሌክትሮን ብዛት በየደቂቃው የሚለዋወጥበትን ፍጥነት ማስላትና በየ5 ደቂቃው ውስጥ ያለውን ስርጭት፣ ማለትም ቁጥሮቹ ከአማካያቸው የሚርቁበትን መጠን፣ መውሰድ ነው። ይህ ስርጭት በደቂቃ 0.5 አሐድ ሲያልፍ መንቀጥቀጥ አለ ተብሎ መጠርጠር የተለመደ ነው። ሌላው የታወቀ መለኪያ የምልክት ጥንካሬን በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል መመዝገብ ስለሚጠይቅ ለርካሽ ሪሲቨር አይመችም። ከአድማስ ከ30 ዲግሪ በታች ያሉትን ሳተላይቶች ይጣሉ።

የእኛ ደስታ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤ በየምሽቱ ሰሜናዊው ሰማይ ላይ ያለ አንድ ሳተላይት ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሥዕሉን አትመን ግድግዳ ላይ ሰቀልን፣ ለአንድ ወዳጃችንም አሳየን። ወዳጃችን የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ «በየቀኑ በስንት ሰዓት?» ደርድረን ስናይ መንቀጥቀጡ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል እየቀደመ ይመጣል። የጂፒኤስ ሳተላይት በሰማይ ላይ ያንኑ ቦታ የሚይዘው ደግሞ በየቀኑ 4 ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ነው። ስለዚህ መንቀጥቀጡ የተከተለው ሳተላይቱን እንጂ ምሽቱን አልነበረም፤ ጎረቤታችን በቅርቡ የለወጠው አዲስ ቆርቆሮ ከአንቴናችን በላይ ከፍ ብሎ ያብረቀርቅ ነበር። ሥዕሉ ከግድግዳው ወረደ፤ በዝግጁነት ደረጃውም ከ4 ወደ 3 ተመለስን።

እውነተኛው አረፋ በሦስት ምልክቶች ይታወቃል። ከአንድ በላይ ሳተላይቶችን ይነካል፤ በሌሊት በአብዛኛው ወደ ምሥራቅ ስለሚጓዝ የምዕራቡን ሰማይ ሳተላይት ቀድሞ ያናውጥና ወደ ምሥራቁ ይሻገራል፤ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት ለመመለስ ግዴታ የለበትም። መስከረም ሲጠባ ይህንኑ በዓይናችን አየን፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ በስተ ምዕራብ፣ በዘጌ በኩል ያሉት ሳተላይቶች ተናወጡ፣ ጥቂት ቆይቶም በስተ ምሥራቅ ያሉት ተከተሉ።

ውጤቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ጥያቄያችን የተሳሳተበትን ቃል ያገኘነው ያን ጊዜ ነው። ቀያሾች ዘንድ ሄደን የምሽት ማስጠንቀቂያችንን ስናስረዳ አንደኛው ቀያሽ በጥሞና ሰምቶን ሲያበቃ፣ «ልጆች፣ እኔ እኮ በ11 ሰዓት ሥራ ጨርሼ እገባለሁ፤ በ2 ሰዓት እራት ላይ ነኝ» አለን። የተሳሳተው ቃል «የምሽት» የሚለው ነበር፤ ማንኛችንም ስድስት ወር ሙሉ ይህን አልጠየቅንም ነበር።

ደረጃ 7፦ ምርምሩን ደንበኛው ከሚሠራበት ሰዓት ጋር ያገናኙ

ቀያሹ ግን ሳንጠይቀው የራሱን ችግር ነገረን፤ ጠዋት ቶሎ የሚገኘው «ፊክስ»፣ ማለትም በሴንቲ ሜትር የተረጋገጠው ልኬት፣ ከቀትር በኋላ ይዘገያል፣ ከቤዙ፣ ማለትም በታወቀ ነጥብ ላይ ቆሞ እርማት ከሚልከው ሪሲቨር፣ በራቀ ቁጥርም «ፍሎት» በሚባለው ገና ባልተረጋገጠ ልኬት ላይ እየቀረ ያስቸግራል። ምክንያቱ ያው አዮኖስፌር ነው። አርቲኬ በሚባለው፣ እርማቱን ወዲያው በሚጠቀመው የቅየሳ ዘዴ ቤዙና ሮቨሩ (ቀያሹ ይዞት የሚዞረው ሪሲቨር) አንድ ዓይነት ሰማይ የሚያዩ ከሆነ ስሕተቱ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ሲራራቁ ግን ሁለቱ የሚያዩት የኤሌክትሮን ብዛት ይለያያል፣ ልዩነቱም የሚሰፋው ብዛቱ ጣሪያ በሚነካበት በ8 እና በ9 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችንን፣ «በባሕር ዳር ዙሪያ በየትኛው ወርና በስንት ሰዓት ሮቨሩ ከቤዙ ስንት ኪሎ ሜትር ቢርቅ አስተማማኝ ፊክስ ይገኛል?» በሚል ለወጥነው።

ሙከራው እንዲህ ይሠራል። ቤዙ ሰገነቱ ላይ ይቆይ። ሮቨሩን በመሸንቲ መንገድ፣ ቀጥሎም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው ጢስ ዓባይ በኩል በተለያየ ርቀት ላይ፣ ግልጽ ሰማይ በሚታይበትና ምልክት በተደረገበት ድንጋይ ላይ ያቁሙ። በእያንዳንዱ ቦታ ከጠዋቱ 2 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሪሲቨሩን አጥፍተው እየከፈቱ ፊክስ ለማግኘት የወሰደውን ጊዜ ደጋግመው ይመዝግቡ። ኢንተርኔት ሲቆራረጥ እርማቱ አብሮ ስለሚቋረጥ ጥፋቱን ለሰማይ እንዳይሰጡ ጥሬውን መረጃ ይዘው ማታ አርቲኬሊብ በተባለው ነፃ ሶፍትዌር እንደገና ያስሉት። አምራቹ ራሱ የሪሲቨሩን ስሕተት 1 ሴንቲ ሜትር ሲደመር በየኪሎ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር ብሎ ስለሚገልጽ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ቢያገኙ ተአምር አይደለም፤ እርስዎ የሚፈልጉት ከዚያ በላይ የሚመጣውን ነው።

የምሽቱ መዝገብም አይጣልም። ለቀያሽ ባይሸጥም ለዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዋጋ አለው፤ ከተቋም ጋር በጋራ መሥራትም ለብቻ የማይከፈት በር ይከፍታል። ለምሳሌ የተባበሩት መንግሥታት የሕዋ ጉዳዮች ቢሮና የጃፓን የሕዋ ድርጅት በጋራ የሚያካሂዱት ኪቦኪዩብ ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ የትምህርትና የምርምር ተቋማት 10 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነች ሳተላይት ከዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ በነፃ ይለቅቃል፤ የመጀመሪያዋ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሳተላይት ስትሆን እ.ኤ.አ. በ2018 ተለቅቃለች። የንግድ ድርጅት በራሱ ስም ሊገባበት ባይችልም፣ የመሬት ጣቢያውን የሚሠራ አጋር ሆኖ ከተቋሙ ጎን ሊቆም ይችላል። ከመጀመርዎ በፊት ግን መረጃው የማን እንደሆነ፣ ማን ቀድሞ እንደሚያሳትምና ድርጅቱ ለንግድ ሊጠቀምበት መቻል አለመቻሉን በጽሑፍ ይፈራረሙ። በቡና ላይ የተደረገ ስምምነት ወረቀት ላይ ሲሰፍር ለየቅል ሆኖ መገኘቱን እኛም አይተናል።

ደረጃ 8፦ ሁለተኛውን ጣቢያ ከመትከልዎ በፊት

የመጀመሪያው ጣቢያ ሁለቱን የአረፋ ወቅቶች፣ መስከረም-ጥቅምትንና መጋቢት-ሚያዝያን፣ ሳይሸፍን ሁለተኛ መሣሪያ አይግዙ። ከዚያ በኋላ የምመክረው ቦታ ጎርጎራ ነው፤ ከባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲርቅ ሐይቁ በመካከል ስለሚገኝ፣ ሁለቱ ሰገነቶች በሰሜንና በደቡብ ያለውን የኤሌክትሮን ልዩነት በአንድ ጊዜ ያሳያሉ። ለዚያ ጣቢያ የሚከፈለው ትልቁ ወጪ የሪሲቨሩ አይደለም፤ በየወሩ ሚሞሪ ካርዱን የሚቀይር፣ ባትሪውን የሚያይና ክዳኑ ላይ አሞራ እንዳላረፈ የሚያረጋግጥ፣ ደብተሩንም በሦስቱም ሰዓቶች የሚሞላ ሰው ደመወዝ ነው። በጀቱን ሲያወጡ ይህን መስመር ከሁሉ አስቀድመው ይጻፉት።